ኪኩዩ ሳርን በክትክታ ጥላ ማጥፋት፦ ማዊ ደሴት ላይ እንዴት እንደሠራሁት

የምኖረው ሃዋይ ውስጥ፣ ማዊ ደሴት ላይ ነው። ሃሌአካላ ተራራ ጎን ላይ ያለችው ኩላ ብርዷም ጭጋጓም ደጋችንን ታስታውሰኛለች። ከቤቴ ጀርባ ያለው ተዳፋት ከዳር እስከ ዳር ኪኩዩ ሳር ነበር። ሳሩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ኢትዮጵያም አገሩ ናት። ወደዚህ የመጣው ለከብት ግጦሽ ነው።

ሰላሌ ላለችው አክስቴ ሳር እያጠፋሁ መሆኑን በስልክ ስነግራት «ምነው ልጄ፣ ከብት በሳር እጦት በሚያልቅበት ዘመን?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚያ በሬው፣ በጉ፣ አህያው ሲግጠው ይውላል፤ ውርጩም ይመታዋል። የሃዋይ ዕፅዋት ግን ሰኮና ያለው እንስሳ ሳያውቁ የኖሩ ናቸው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጆርጅ ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. በ1793 ከብት ካመጣ ወዲህ ላሙ የአገሬውን ዛፍ ቡቃያ ይበላል፣ ባዶ የቀረውን መሬት ደግሞ ሳሩ ይወርሰዋል። ያረጁ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ግን አንድም ተተኪ የለም።

ለምን እንደሆነ በእጄ ገልጬ አይቻለሁ። ላይ ላዩ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ቢጫ የሆነ የተጠላለፈ ግንድ አለ፤ ከዚያ በታች የሞተና የበሰበሰ ሳር እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። እጄን እስከ አንጓው አስገብቼ አፈር አላገኘሁም። ከላይ የወደቀ የዛፍ ፍሬ እዚያው ተንጠልጥሎ ይደርቃል።

ዘዴውን የተማርኩት በዚሁ ተራራ ደቡባዊ ጎን ካለው የአውዋሂ ደን ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1997 በዕፅዋት ተመራማሪው በአርት ሜዴሮስ መሪነት 4 ሄክታር ያህል መሬት ታጥሮ ሥራው ተጀመረ፤ በጎ ፈቃደኞችም እየወጡ ይተክላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ስወጣ ችግኙን አይቼ ደነገጥኩ፤ አአሊኢ የሚሉት ቁጥቋጦ የእኛው ክትክታ ነው! ሃዋይ የገባው ሰው አምጥቶት አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ እዚያ የበቀለ ተክል ነው። በአውዋሂ ሦስት አራተኛውን መሬት ይዞ የነበረው ሳር በ15 ዓመት ውስጥ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል፤ በቦታው የገባው በአብዛኛው ይኸው ክትክታ ነው።

ቤቴ ጓሮ የጀመርኩት ከአጥሩ ነው። ማዊ ላይ ከውጭ የገባ ነጠብጣብ አጋዘን በመንጋ ይዞራል፤ ያለ አጥር የተተከለ ችግኝ ለእሱ መኖ ማቅረብ ነው። ነገር ግን አጥሩ ብቻውን ነገር ያባብሳል፤ የሚግጠው ሲጠፋ ሳሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ስለዚህ የሳሩ ሥራ አጥሩን ወዲያው መከተል አለበት። መቆፈሩን ተውኩት። እያንዳንዱ አንጓ ሥር ስለሚያወጣ በዶማ የተቆራረጠው ሁሉ ራሱን የቻለ ሳር ይሆናል፤ ተዳፋቱን ደግሞ ዝናብ ያጥበዋል። አጨድኩት፣ እንደገና ለምለም ቅጠል እስኪያወጣ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ግላይፎሴት የተባለውን የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ረጨሁ። መድኃኒቱ እስከ ሥሩ የሚወርደው ሳሩ በደንብ እያደገ ሳለ ነው፤ በድርቅ የጠወለገ ሳር ላይ መርጨት ገንዘብም መርዝም ማባከን ነው። እዚህም እዚያም ያቆጠቆጠውን ለብቻው ደገምኩት። የሞተውን ሳር አላነሳሁም፤ እርጥበት ይይዛል፣ ሌላ አረምም እንዳይበቅል ያፍናል።

የክትክታውን ዘር የለቀምኩት ከዚሁ ከማዊ ነው። ከአገር ቤት ላስመጣ የሚል ሐሳብ ለሚመጣበት ሰው አጥብቄ እላለሁ፦ አይደረግም። ከውጭ የሚገባ ተክልና ዘር የሚቆጣጠረው የኳራንቲን ሕግ አንድ ነገር ነው፤ የደሴቲቱ ክትክታ ደግሞ ከአየሩና ከአፈሩ ጋር ተስማምቶ የኖረ የራሱ ዘር አለው። ቀያዮቹን ክንፋም ፍሬዎች አሽቼ ጥቁሩን ዘር ለየሁ፣ የፈላ ውሃ አፍስሼበት አሳደርኩት፣ ያበጠውን ዘራሁ። ችግኙ ስንዝር ሲያልፍ፣ የዚህ አገር የዝናብ ወቅት በኅዳር ሲጀምር፣ የሞተውን ሳር በመቆፈሪያ በስቼ በአንድ እርምጃ ርቀት ተከልኩ። አጠጋግቶ መትከሉ ዋናው ነገር ነው። ኪኩዩ ፀሐይ ይወዳል፤ የቁጥቋጦዎቹ አናት ሲገጣጠም ከሥር የቀረው ሳር ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ በእጅ ሲስቡት እየተነቀለ መጣ። መድኃኒቱ ጊዜ ገዛልኝ፤ ሳሩን ያሸነፈው ግን ጥላው ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ለአበባ ፍቅር ብቻ ብሎ የሚያይ ሰው ወደ ቆላው ይውረድ። እዚያ ጊኒ ሳርና በፈል የሚባሉት የአፍሪካ ሳሮች የተተወ የሸንኮራ እርሻንና የግጦሽ መሬትን ሞልተውታል፤ በበጋ ይደርቃሉ፣ ይነዳሉ፣ ከቃጠሎው በኋላ ከዛፉ ቀድመው ይበቅላሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 2023 ላሃይናን ያወደመውና 102 ሰው የገደለው እሳት በእንዲህ ያለ ደረቅ ሳር ተመግቧል። በዚያው ቀን እዚህ ኩላ ውስጥም ቤቶች ተቃጥለዋል። የሠፈራችንን ሐዘን እስካሁን አልረሳሁትም።

አሁን በክትክታው መካከል ኢሊያሂ የሚባለውን የሃዋይ ሰንደል እየተከልኩ ነው። ይህ ዛፍ ሥሩን በጎረቤት ተክል ሥር ላይ አጣብቆ ስለሚመገብ ባዶ መሬት ላይ ብቻውን አይሆንለትም። የማይቋረጠው ሥራ ዳሩ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ግጦሽ ኪኩዩ ስለሆነ በሽቦው ሥር እየተሳበ ይገባል፤ ስለዚህ በአጥሩ ዙሪያ ሁለት እርምጃ ስፋት ያለው መሬት ባዶ አድርጌ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየዞርኩ አያለሁ።