ያልተቆረጠችው ነጭ መስመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የምንኖረው ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ነው። እናቴን ከፋሲካ በኋላ ከቀኝ ጎድኗ ሥር ያማት ጀመር። «ብርድ ነው» እያለች ዳማከሴ ስትጠጣ ከረመች። በአልትራሳውንድ ስትታይ የሐሞት ከረጢቷ ግድግዳ ወፍሮ፣ ውስጡም ጠጠር ይዞ ተገኘ። ሲቲ ስካንም ተነሣች። መጀመሪያ ያየው ሐኪም፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ይቅር ብያለሁ፣ «ካንሰር ነው፤ ጉበቷን ነክቷል፤ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት» አለን።

ያቺ ሌሊት! መብራት ጠፍቶ በጧፍ ብርሃን ላቧን እጠርጋለሁ፤ ገላዋ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። «ልጄ፣ መግነዙ ከሳጥኑ ውስጥ ከላይ ነው፤ ስትፈልጊ እንዳትንከራተቺ» አለችኝ፤ ረከቦቱን የት እንዳስቀመጠች በምትነግረኝ ድምፅ። ጠበል ባቀምሳት መለሰችው፤ ተከትሎም አረንጓዴ ሐሞት ወጣ። «ለመብሌ ሐሞት ሰጡኝ» የሚለው የዳዊት ቃል ሳላስበው አፌ ላይ መጣ፤ ከኋላው ቁጣ መጣ። አልዋሽም፤ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። «ኪዳን ሳታስታጉል ላረጀች ሴት ዋጋዋ ይህ ነው?» አልኩት። የእመቤታችንን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። እናቴ አየችኝ፤ አልገሠጸችኝም። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ትላለች፤ ሕመሙ ቃሉን መሃል ላይ ይነጥቃታል፤ እንደገና ትጀምራለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም የደብረ ብርሃን ደወል ሲሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ከዚህ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ሲነጋ ጎረቤታችን ሳንጠራው ባጃጁን አስነሥቶ ከደጃችን ቆመ። ሌላ ሆስፒታል አደረሰን፤ ሒሳብም አልተቀበለን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እዚያ አንዲት ራዲዮሎጂስት፣ የራጅና የስካን ምስል የምታነብ ሐኪም፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተች፤ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ምስሉን እየመላለሰች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እያሳየች፦ «ግድግዳው ዙሪያውን ወፍሯል። በውስጡ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታዩሻል? ካንሰር ብዙ ጊዜ የውስጡን ሽፋን ይበጣጥሰዋል፤ ይህች ነጭ መስመር ግን ሳትቆረጥ ትዞራለች። ሐሞት ወደ ግድግዳው ሰርጎ የሚያመጣው ያልተለመደ መቆጣት ሊሆን ይችላል። እሱም ከጉበት ጋር ስለሚጣበቅ ካንሰር ይመስላል» አለችኝ። እንዳልዘናጋም አስጠነቀቀችኝ፦ «ምስል ብቻውን አይፈርድም፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። ቁርጡ የሚታወቀው ከረጢቱ ወጥቶ በፓቶሎጂ፣ ሥጋው በማይክሮስኮፕ፣ ሲመረመር ነው።» እኔ ግን ዓይኔን ከዚያች መስመር መንቀል አቃተኝ። የዚህችን ሐኪም ስም ባልጽፍም ሥላሴ ያውቋታል፤ ልጆቿን ያሳድጉላት።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ውጤቱን አንድ ወር ጠበቅን።

ወረቀቱ «ዛንቶግራኑሎማተስ ኮሌሲስታይቲስ፤ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም» ይላል። ያቺ ሐኪም የጠረጠረችው መቆጣት ስሙ ይህ ነው። ስሙን ማንበብ አቅቶኝ ሐኪሙ አነበበልኝ፤ የኋለኛውን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ሥዕሉን ወደ እኛ መለስኩት፤ «ይቅር በይኝ፣ እመቤቴ» ብዬ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሐምሌ 7 የሥላሴ ንግሥ ዕለት እናቴ ከሁላችን ቀድማ ተነሣች። ሳጥኑን ከፈተች፤ መግነዙን አንሥታ አልጋው ላይ አኖረች፤ ከሥሩ ጥልፍ ቀሚሷን አወጣችና «ተነሺ፣ ቅዳሴው ሊያመልጠን ነው» አለችኝ።