የእህቴ ብጉር

ፊት ላይ ብጉር ሲወጣ ሁሉም ሰው ሐኪም ይሆናል። ታናሽ እህቴ ላይ የማየው ይህንን ነው። አክስታችን «ቅባት ምግብ አታብዢ» ይሏታል። ጎረቤት ደግሞ «ፊትሽን በደንብ ታጠቢ እንጂ» ትላታለች። ልጅቷም ይህን እየሰማች ፊቷን በሳሙና ደጋግማ ትፈገፍጋለች። ቆዳዋ ይደርቃል፣ ይቆጣል፣ ብጉሩ ግን እዚያው ነው።

ብጉር የንጽሕና ጉድለት አይደለም። በጉርምስና አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ ቆዳ ወዝ ያበዛል። ወዙ ከሞቱ የቆዳ ሴሎች ጋር ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፤ ያብጣል፣ ይመግላል። አፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እንኳን እድፍ አይደለም። ወር አበባ ሲቃረብ የሚብሰውም በሆርሞን ነው። በዘርም ይመጣል፤ እናታችንን በወጣትነቷ አስቸግሯት ነበር።

የእህቴ ግን ግንባሯ ላይ፣ ከፀጉሯ ሥር ነበር የሚበዛው። ሹሩባ ስትሠራ ቅባት ታበዛለች። ቅቤም ተቀብታ ታድራለች። ያ ሁሉ ቀልጦ ግንባሯ ላይ ይወርዳል፣ ቀዳዳውን ይዘጋል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ክሬሙ ነው። ጓደኛዋ «ፊት ያጠራል» ብላት ያለ ማዘዣ ከአንድ ሱቅ ገዛች። ጀርባውን ሳነበው ክሎቤታሶል ይላል። ይህ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ሐኪም ለችፌና ለመሳሰሉት ለአጭር ጊዜ ያዘዋል፤ የፊት ማስዋቢያ አይደለም። መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፤ ሰውም «አማረብሽ» ይላል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ እኩል እኩል የሆኑ ትንንሽ ብጉሮች ይፈላሉ። ለማቆም ሲሞከር ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሰው ደንግጦ እንደገና ይቀባዋል። በዚህ መንገድ ስንት ወጣት ፊቷን እያበላሸች ነው! ይህን የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚሸጥ ማወቅ አለበት።

እህቴን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ክሬሙን በራሷ ክትትል እንድታቆም አደረገቻት፤ ማታ ማታ የምትቀባው አዳፓሊን ጄል የሚባል የብጉር መድኃኒትም አዘዘችላት። ለውጥ ለማየት ሁለት ሦስት ወር መታገሥ እንዳለባት ነገረቻት። ብጉሩን እንዳታፈርጠውም አስጠነቀቀቻት፤ እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ፀጉሯን ስትቀባ ደግሞ ግንባሯን እንዳትነካ፣ ትራስ ልብሷንም ቶሎ ቶሎ እንድትቀይር መከረቻት።