ባንዲራ ሳያነሱ መቆም፦ ከረዳት ዳኝነት ልምዴ

ጓደኞች፣ ይህን የምጽፈው እሁድ ዕለት ሦስታችን ዳኞች፣ ዋናውና ሁለቱ ረዳቶች፣ የወሰንነው አንድ ውሳኔ በጣም ስላስደሰተኝ ነው። ስለሱ ሳላወራ ማለፍ አልቻልኩም።

የጀማሪነቱን ጊዜ ቶሎ ልለፈው። የዳኝነት ኮርሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሩጫ ፈተናው፣ በጠዋት የሚደረጉት የታዳጊዎች ጨዋታዎች፣ የወላጆች ጩኸት። ወደ ጎን መሮጥ፣ ባንዲራውን ዋና ዳኛው በሚያየው እጅ መያዝ፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር እኩል መሄድ፤ እነዚህ ሁሉ በልምምድ ይመጣሉ። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ ባንዲራ በፍጥነት የሚያነሳ ረዳት ጎበዝ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ ያለ፣ ማለትም ኳሷ ስትላክ ከእሷም ከመጨረሻው ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይም አልፎ ወደ ጎሉ የቀረበ አጥቂ ሮጦ ኳሷን ሳይነካት ከኋላ የመጣ ጓደኛው ሊወስዳት ይችላል። ቆይቶ ማንሳት የፍርሃት ምልክት አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ሌላ ነው። አጥቂ ከጨዋታ ውጪ በሆነ ቦታ ቆሟል፣ ኳስ ግን አልነካም፣ ጎል ገባ። አሁን ምን ይደረጋል? ሕጉ እንደሚለው እዚያ ቦታ መገኘት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው በጨዋታው ውስጥ ሲገባ ነው፣ ለምሳሌ የበረኛውን እይታ በግልጽ ሲከልል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ ከመስመሩ ሆኜ ቦታውን በደንብ አያለሁ፣ በረኛው መከለሉን ግን ከጎን ሆኜ እንዴት ላውቅ? ዋና ዳኛው ደግሞ ከኳሷ ጀርባ ስለሚሆን መከለሉን ያያል፣ ተጫዋቹ ከተከላካዮቹ ማለፍ አለማለፉን ግን ከዚያ ሆኖ መለየት ይቸግረዋል። የውሳኔው ግማሽ እኔ ጋ ነው፣ ግማሹ እሱ ጋ። አንዳችን ብቻችንን ከወሰንን በግምት ነው የምንወስነው።

እሁድ ይኸው መጣ። ከሳጥኑ ውጪ የተመታች ኳስ መሬት ለመሬት ሄዳ ገባች። ዘጠኝ ቁጥሩ ከተከላካዮቹ አልፎ በረኛው ፊት ቆሞ ነበር። ባንዲራ አላነሳሁም። ጎሉ ትክክል ነው ለማለት እንደሚደረገው ወደ መሃል መስመርም አልሮጥኩም። ባለሁበት ቀጥ ብዬ ቆሜ ዋናውን አየሁት፣ እሱም ጎሉን ከማጽደቁ በፊት አየኝና መጣ። «ዘጠኝ ቁጥር ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ ነበር፣ ኳሷን አልነካም» አልኩት። «በረኛው ፊት ነበር፣ ስትመታ ሊያያት አልቻለም» አለኝ። በቃ። ጎሉ ተሻረ፣ ጨዋታው በቀጥተኛ ባልሆነ ቅጣት ምት ቀጠለ። ሁለታችን ስናወራ ሌላኛው ረዳት ተጫዋቾቹን እያየልን ነበር፣ ማን ማንን እንደገፋ እንዳያመልጠን።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። መልበሻ ክፍል ውስጥ ተነጋግረን ነበር፦ ጎል ገብቶ ካልሮጥኩ ና፣ የምነግርህ አለ። እኛ ባለንበት ደረጃ የጆሮ መነጋገሪያ የለም፣ ቪዲዮም የለም፣ ያለን ዓይናችን ነው። ደግሞም ጨዋታው አንዴ ከተጀመረ በኋላ ያንን ውሳኔ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ዋና ዳኛ ለመሃል ኳስ ፊሽካ ከመንፋቱ በፊት ረዳቱን ካላየ፣ ረዳቱ ያየው ነገር ምንም አይጠቅምም። ለዋና ዳኞች የምለምነው ይህን ብቻ ነው፣ ጎል በገባ ቁጥር እዩን።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ኢትዮጵያዊው ዳኛ ስዩም ታረቀኝ ትዝ ይለኛል። በ1970 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ጣሊያንና እስራኤል ቶሉካ ላይ ሲጫወቱ የመስመር ዳኛ ነበር። ዋናው ዳኛ ብራዚላዊው አይርቶን ቪዬራ ዴ ሞራይስ ነበር። የጣሊያን ጎል በስዩም ባንዲራ ተሻረ፣ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፣ ጣሊያንም በዚያው ውድድር እስከ ፍጻሜ ሄደች። የጆሮ መነጋገሪያ በሌለበት ዘመን፣ ከሌላ አገር ዳኛ ጋር፣ በዚያ ጫና ውስጥ ባንዲራ ማንሳትና መታመን ቀላል አይደለም። እንደኔ ከሆነ ስለዚህ ሰው ብዙ መወራት ነበረበት።

ገና ያልተፈታልኝም አለ። ዓይኔ የተከላካዮቹን መስመር እየተከተለ ከፊቴ ደግሞ ጥፋት ሲሠራ ሁለቱንም ማየት ይከብደኛል። አንዳንዶች «መስመሩን ያዝ፣ ጥፋቱን ለዋናው ተው» ይላሉ፣ ዋናው 30 ሜትር ርቆ ጀርባ ብቻ እያየ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይገባኝም።

ደግሞ ዋና ዳኛው ዘግይቶ ሲደርስ የቅድመ ጨዋታ ውይይቱን እንዴት ነው የምታደርጉት? እኔ እስካሁን ሰውነት ስናፍታታ እየሮጥን ነው የማወራው፣ ሦስት ነገር ብቻ፦ ጎል፣ ፍፁም ቅጣት ምት፣ ከእኔ አጠገብ ያለ ጥፋት። የተሻለ መንገድ ያላችሁ ንገሩኝ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ እሞክረዋለሁ።