ከቅጹ የጠፋው ዳክዬ

በጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመስኖ ግድብ የሆነው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የሚያንገበግበኝ ቅጹ ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

ውርጩ ገና አልለቀቀም ነበር። ቢጫ ምንቃር ያላቸው ዳክዬዎች ዳር ዳሩን ይለቅማሉ፤ መሃል ላይ ጥቂት ባለ ቁንጮ ዳክዬዎች ይጠልቃሉ። ከነሱ መካከል የአንዱ ወንድ ጎን እንደ ሌሎቹ ወንዶች ነጭ አይደለም። ግራጫ ነው፤ ነጩ ከፊት፣ ደረቱና ጎኑ በሚገናኙበት ላይ ብቻ እንደ ሽብልቅ ቆሟል። አናቱ ወደ ኋላ ሾጠጥ ይላል፤ የተንጠለጠለ ቁንጮ ግን የለውም። ከምንቃሩ ሥር ቀጭን ነጭ መስመር፣ ጥቁሩ ጫፍ ጋ ሳይደርስ ደግሞ ወፈር ያለ ነጭ ቀለበት አለው። ይህ ሁሉ የሚያመለክተው አይቲያ ኮላሪስን ነው፦ ካናዳና ሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ተፈልፍሎ፣ ብርዱ ሲመጣ እስከ ሜክሲኮና ካሪቢያን የሚወርደውን ዳክዬ። አትላንቲክን ተሻግረው ምዕራብ አውሮፓ የሚታዩ አሉ፤ እዚያ ከባለ ቁንጮዎቹ መንጋ የተቀላቀለ አብሮ ወደ ደቡብ ቢወርድ የማይሆን ነገር አይደለም።

ቆጣሪዋ የምንቃሩን ሥዕል እዚያው ማስታወሻዋ ላይ ሣለች፤ ስልኳን ከቴሌስኮፑ ዓይን ላይ ገጥማ ቪዲዮ ወሰደች፤ ቅጹ ላይ «አይቲያ፣ ኮላሪስ ይመስላል፣ 1» ብላ ሞላች፤ አይቲያ ባለ ቁንጮውም ኮላሪስም ያሉበት የጠላቂ ዳክዬዎች ወገን ነው። ማታ ቅጹን የሚያጠናቅሩት ሰው ደወሉ።

«ይሄ እኛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ባለ ቁንጮው ነው፤ አስተካክዬዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ጎኑ እኮ ግራጫ ነው።»

«ጎረምሳ ነዋ! ላባውን ያልጨረሰ።»

«ምንቃሩስ?»

«ክንፉን ዘርግቶ የሚያሳይ ምስል አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አለቀ።»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ላባውን ያልጨረሰ ወጣት ባለ ቁንጮ ጎኑ ቡናማ ግራጫ ይሆናል። ምንቃሩም ላይ አንዳንዴ ከጥቁሩ ጫፍ ኋላ ፈዛዛ መስመር ስለሚታይ፣ ቀለበቱ ብቻውን አያስፈርድም። ዲቃላም አለ፤ ባለ ቁንጮው ከሌሎች ጠላቂ ዳክዬዎች ጋር ይዳቀላል፣ አጭር ቁንጮ ያለው አሳሳች ልጅም ይወጣል። የሚለየው ክንፉ ነው፦ በባለ ቁንጮው ክንፍ ላይ የሚዘረጋው መስመር ነጭ ነው፣ በኮላሪስ ግራጫ። እሱም የሚታየው ወፉ ሲበር፣ ወይም ውሃው ላይ ቀና ብሎ ክንፉን ሲያራግፍ ለቅጽበት ነው። ስለዚህ አንድ ነጠላ ፎቶ ላይ መተማመን አያዋጣም፤ ቪዲዮ ሳያቋርጡ መቅዳትና በኋላ ምስሉን አንድ በአንድ ማየት ነው። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ ነፋስ ካለ ቴሌስኮፑ በሚቆምበት ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ቦርሳ ማንጠልጠል፣ ማጉያውን ከ30 እጥፍ አለማሳለፍ። 60 ላይ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ረፋዱ 4 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ከውሃው የሚነሳው ሙቀት የምንቃሩን ቀለም ያደበዝዘዋል። የጭንቅላቱን ቅርጽ ለማየት ወፉ መጥለቁን ሲያቆም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እየጠለቀ ሳለ የአናቱ ላባ ይተኛል። ከጓሮ ያመለጠ እንዳይሆንም ላባውን ሲያጸዳ ጎኑን ሲገለብጥ እግሩ ላይ ቀለበት መኖሩን፣ የኋላ ጣቱ መቆረጡን፣ የአንዱ ክንፍ ጫፍ መጉደሉን ማየት ነው።

ክንፉ ካልታየ መዝገቡ «ኮላሪስ» ማለት አይችልም። «ባለ ቁንጮ» ማለትም አይችልም። ያ ረድፍ «አይቲያ፣ ያልተለየ፣ 1» ተብሎ ሥዕሉና ቪዲዮው ተያይዞበት መቀመጥ ነበረበት፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ግድብ ላይ የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ነው። እሳቸው ግን ረድፉን ሰርዘው የባለ ቁንጮዎቹን ቁጥር በአንድ ጨመሩት። ከመሰረዛቸው በፊት ቆጣሪዋንም አልጠየቋት፣ ቪዲዮውንም አላዩትም። በሰንጠረዡ ላይ ዛሬም ያው ነው። ማስታወሻውና ቪዲዮው አሉ፤ ረድፉ ወደ ቦታው ይመለስ።