ውድ ገብርኤል፣ ዘንድሮም ቁልቢ አብረን እንሂድ

ስልኩ የጮኸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ማኪያቶዬን ገና ሁለቴ ፉት ብያለሁ።

«ልጄ፣ አባቴን ከየት ነው የምታውቁት?» አሉኝ አንዲት እናት። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። እሱ ነው ያስፈራኝ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ማንን?»

«አባቴን። ‹ናፍቀውናል› ብላችሁ ጽፋችሁለታል። እኛንም ናፍቆናል። ካረፈ 11 ዓመቱ ነው።»

ማኪያቶው እዚያው ቀዘቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 2016 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የማስታወቂያ ሥራ እሠራ ነበር። ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ እያዘጋጀን ነው። አውቶቡስ፣ ድሬዳዋ ማደሪያ፣ መልስ። ሰዉ በቴሌግራም ማስታወቂያ ተሰላችቷል። አለቃዬ «ኢሜይል እንሞክር» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ለበዓል ከዋሽንግተንና ከፍራንክፈርት የሚመጡትም ኢሜይል ያነባሉ።

የአድራሻ ዝርዝሩ ግን ዝርዝር አይባልም። የተወሰነው ቲኬት ክፍል ካለችው ልጅ ኤክሴል ነው። የተወሰነው ከባዛር የተሰበሰበ፣ በጫማ ካርቶን የታጨቀ ቢዝነስ ካርድ ነው። የተወሰነው ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ከሚዞር ደብተር የተገለበጠ። አዋሽን አልፎ በሚንገጫገጭ መኪና የተጻፈ ኢሜይል አንብባችሁ ታውቃላችሁ? «ኤል» ይሁን «አንድ» የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። አራተኛው የአለቃዬ ወዳጅ በፍላሽ ያመጣው ነው። ከየት እንዳገኘው አልጠየቅንም። መጠየቅ ነበረብን።

ሁሉንም አንድ ላይ ደፋሁት። 4 ሺህ ምናምን ሆነ። ደስ አለኝ፤ ቁጥር ሲበዛ ሥራ የተሠራ ይመስላል።

የኢሜይል መላኪያው ፕሮግራም የፈረንጅ ነው። ስምና «የቤተሰብ ስም» ለየብቻ ይጠይቃል። እኔ ጋ ያለው ሙሉ ስም በአንድ ዓምድ ነው። ኤክሴልን ክፍት ቦታ ባለበት ቁረጥ አልኩት። ቆረጠ። ሰላምታውን ደግሞ ጨዋ ላድርገው ብዬ «ውድ» ካልኩ በኋላ ሁለተኛውን ስም እንዲያስገባ አዘዝኩ። ፈረንጅ ሰውን ሲያከብር በቤተሰብ ስሙ ይጠራው የለ?

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለተኛው ስም አባት ነው። ወይዘሮ አልማዝ ከበደን «ወይዘሮ ከበደ» ብሎ የሚጠራ ሰው አላየሁም። ይህን እያንዳንዱ ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ረሳሁት። ስለዚህ የዚያን ቀን ለሺዎች አባቶች ጻፍኩ። ገሚሶቹ በሕይወት የሉም። «ናፍቀውናል፤ ዘንድሮም አብረን እንሂድ» አልኳቸው።

በዚህ አላበቃም። ስማቸውን ነጣጥለው የሚጽፉ ደንበኞች ነበሩ። ኃይለ ሚካኤል። ገብረ ማርያም። ኤክሴል እነሱንም ከመሐል ቆረጣቸው። አንድ ወልደ ገብርኤል የሚባሉ ደንበኛ የደረሳቸው ኢሜይል እንዲህ ይላል፦ «ውድ ገብርኤል፣ ዘንድሮም ቁልቢ አብረን እንሂድ።» ሰውየው ተጫዋች ናቸው። የመለሱልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እሱ ቀድሞ እዚያ ነው፤ እኔን ውሰዱኝ።» ቲኬት ክፍል ያለችው ልጅ እስከ ዛሬ ስታየኝ ትስቃለች።

ያላሳቀን ከሰዓት በኋላ የመጣው ነው። አንዱ «ሙስሊም ነኝ፤ አድራሻዬን ማን ሰጣችሁ?» ብሎ ጻፈ። አለቃዬ ወዲያው መፍትሔ አመጣ። «በስም እንለያቸው። መሐመድና ፋጡማ የሚለውን አውጣ።» ልጀምር ስል ቲኬት ክፍል ያለችው ልጅ አስቆመችን። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የቁልቢ ተጓዦች መዝገብ ከፍታ አሳየችን። መሐመድም አለ፤ ፋጡማም አለች። ቁልቢ እኮ ሙስሊሙም ተስሎ ይሄዳል። ቅሬታ ያቀረበው ሰውዬ ግን መዝገቡ ላይ የለም። የመጣው ከፍላሹ ነው። የተቆጣውም በሃይማኖቱ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ከቶ አያውቀንም።

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ለካ ስለ እያንዳንዱ ሰው ያወቅነውን ትተን የገመትነውን ነበር የምንጽፈው።

የፍላሹ ዳፋ ሳምንት ቆይቶ መጣ። ከእሱ የተላኩት አብዛኞቹ አድራሻዎች የሞቱ ነበሩ፤ ኢሜይሉ እየተመለሰ መጣ። የደረሳቸው ሰዎች ደግሞ «ስፓም» (ያልተፈለገ ኢሜይል) የሚለውን እየተጫኑ ለጂሜይል ከሰሱን። ጂሜይል እንዲህ ያለውን ላኪ አይረሳም። አለቃዬ ለአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ፕሮፎርማ ልኮ ነበር። በሁለተኛው ቀን «አልደረሰንም» አሉት። ደግሞ ላከ። አሁንም አልደረሰም። በመጨረሻ የተገኘው ስፓም ውስጥ ነው። ማስታወቂያውም ፕሮፎርማውም የሚወጣው ከአንድ የድርጅት አድራሻ ነዋ! አለቃዬ ፍላሹን «ብር ነው እኮ» እያለ ሲከላከል የነበረ ሰው ነው። ያን ቀን ራሱ «አጥፋው» አለኝ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2024፣ ጉግልና ያሁ ደንባቸውን አጠበቁ። ለጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሰው ማንነቱን በኤስፒኤፍ፣ በዲኪምና በዲማርክ (ኢሜይሉ በእርግጥ ከላኪው መምጣቱን በሚያሳዩ ሦስት ማረጋገጫዎች) ማረጋገጥ አለበት። ደንበኛው በአንድ ጠቅታ መውጣት መቻል አለበት። የስፓም ክሱም ከሺህ 3 መድረስ የለበትም። እኛ በዚያ ልክ አንልክም። የመጀመሪያው ቀን ክሳችን ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ዘግየት ብሎም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። እንኳን ፍላሹን ቀድመን ጣልነው።

ቀሪውን ማጽዳት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ያልተሳሳተ ነገር አልነበረም። ኤክሴል የስልኩን መነሻ ዜሮ በልቶታል፤ 0911 ብለህ ስትጽፍ 911 ያደርግልሃል። ቀኑ ደግሞ ጉድ ነው። «5/4/2014» የሚል አለ። ታኅሣሥ 5 በእኛ ነው ወይስ ሜይ 4 በፈረንጅ? የአሜሪካው ዲያስፖራ ከሆነ ወሩ ይቀድማል፤ የእኛ ከሆነ ቀኑ። ዓመቱም ሰባት ስምንት ዓመት ይዋዥቃል። መለየት የቻልነው ከደረሰኝ ጋር እያስተያየን ነው።

ስሙም እንደዚያው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። አንድ ሴት፣ ሦስት ደንበኛ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ በቲ ይጀምራል፣ ሌላው በኤስ። ስለዚህ የምንለየው በስም ሳይሆን በኢሜይል አድራሻ ነው አልን። እሱም የራሱ ተንኮል አለው። ጂሜይል ነጥብን አይቆጥርም፤ በስምና በአባት ስም መካከል ነጥብ ያደረገውና ያላደረገው አድራሻ የአንድ ሰው ነው።

በመጨረሻ ሁለት ዓምድ ጨመርን። አንዱ «መጠሪያ» ይላል። ሰውየው ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከነአቶው ከነወይዘሮው፣ በሰው እጅ የሚሞላ ነው። ኤክሴል እዚያ ዓምድ ላይ እጁን አያስገባም። ሌላው «ከየት መጣ» ይላል። ቁልቢ የሄደ፣ ላሊበላ ለገና የሄደ፣ ጎንደር ለጥምቀት የሄደ፣ ባዛር ላይ ካርድ የሰጠ። ይህ ባዶ የሆነበት ሰው ኢሜይል አይላክለትም። 4 ሺህ ምናምኑ 1,300 ላይ ወረደ። አለቃዬ ሲያየው ፊቱ ቢያጠቁርም፣ ለቁልቢ ተጓዦች ብቻ ደግመን በላክነው አውቶቡሱ ሞላ።

እኚያ እናት ጋ ይቅርታ ለመጠየቅ የደወልኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጠሪያቸውን በትክክል ጽፌ ይዣለሁ፤ በዚያ ልክሳቸው አስቤያለሁ።

«ኢሜይሉ የእኔ አይደለም እኮ» አሉኝ። «የእህቴ ልጅ ነው ያኔ የሞላልኝ፤ የራሱ ነው። እሱ ነው ያነበበልኝ። እኔ የት አውቅበታለሁ? ጉዞ ስትወጡ ደውልልኝ። ከሰዓት በኋላ ነው የምገኘው።»

ከዝርዝሩ ላይ ኢሜይሉን አጠፋሁ። ስልካቸውን ከነዜሮው ጻፍኩ። «ማስታወሻ» የሚል ሦስተኛ ዓምድም ከፈትኩ፦ ከሰዓት በኋላ ይደወል።