ሰው የሚወድ እንግዳ

ባለፈው ክረምት፣ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ወዳጃችን ግቢ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ተሰብስበን የጻፍነውን ለምናነብ ሰባት ሰዎች፣ ከሐይቁ ወጥቶ ሰው ስለሚበላ ባዕድ ፍጡር የሚተርክ አጭር ልብ ወለድ አቀረብኩ። ፍጡሩ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ጥርሶችና ስምንት እግሮች ነበሩት፤ ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ ታቦር ተራራ ሥር እስኪደርስ ድረስ በአራት ገጽ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው በላ። አምስተኛው ሰው ሲበላ አድማጮቼ መሳቅ ጀመሩ፤ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ሳይስቁ ያዳመጡኝ በዕድሜ የሚበልጡን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም «ልጄ፣ ርቦታል እንጂ አያስፈራም፤ የራበው ደግሞ ያሳዝናል» አሉኝ። ታሪኩን እንደገና ለመጻፍ አምስት ወር ፈጀብኝ።

ባዮሎጂ አስተማሪ በመሆኔ መጀመሪያ ያሳሰበኝ የፍጡሩ ጥርስ ሳይሆን ሆዱ ነበር። ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ እኛን ቢበላ ምን ይጠቀማል? የምድር ሕያዋን ፕሮቲናቸውን የሚገነቡባቸው 20 ያህል አሚኖ አሲዶች፣ ከግላይሲን በቀር፣ እንደ ግራና ቀኝ እጅ በሁለት መልክ ሊገኙ የሚችሉ ሲሆኑ፣ በፕሮቲናችን ውስጥ የሚገቡት የግራዎቹ ናቸው። የእንግዳው አካል በቀኞቹ የተገነባ ቢሆን ኖሮ ኢንዛይሞቹ ሥጋችንን ማላም ስለሚሳናቸው፣ ሰው እየበላም በረኃብ ይሞት ነበር። ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ካብራራሁ በኋላ ሁለቱንም ገጾች ሰረዝኳቸው፤ አንባቢው ተማሪዬ አይደለምና። ጥያቄው ግን አልተሰረዘም። በወጣትነቱ በቶማስ ሀክስሊ ሥር ባዮሎጂ የተማረው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ መልክ ባሳተመው «የዓለማት ጦርነት» ላይ ይህንኑ ጥያቄ በራሱ መንገድ መልሶታል፦ ከማርስ መጥተው ምድርን የሚወሩት ማርሳውያን የምግብ መፍጫ አካል የላቸውም፤ ከሕያው ሰው ደም ቀድተው በቀጥታ ወደ ገዛ ደም ሥራቸው ይሰጣሉ። በመጨረሻም በዓለማቸው የማያውቋቸው የምድር ባክቴሪያዎች ይፈጇቸዋል። አመጋገባቸውም አሟሟታቸውም ከአንድ አካል የመነጨ በመሆኑ፣ አጨራረሱ ከሰማይ ዱብ ያለ አይመስለኝም። ዌልስ አመጋገባቸውን በገለጸበት ቦታ ላይ፣ እኛ ሥጋ መብላታችን ማሰብ ለምትችል ጥንቸል ምን ያህል እንደሚያስጸይፍ እናስታውስ ይላል። ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል የመራችኝ ይህች ጥንቸል ናት።

አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ እንጂ ላስተውል ሄጄ አላውቅም ነበር። አንድ ወጣት ቆሮሶውን በግራ እጁ አጥብቆ ይዞ፣ በቀኙ ቆዳውን ገፈፈና ሥጋውን ከአጥንቱ በሁለት የቢላ ምት ለየው። እጁ ይህን ሲሠራ አፉ ስለ ማታው የኳስ ጨዋታ ከጓደኛው ጋር ይከራከር ነበር። ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ጥሬ ነው ጥብስ?» አለኝ። አጥንቱን ወደ ኋላው ሲወረውር፣ ካባ እንደ ለበሱ ለቅሶ ደራሾች ተደርድረው የቆሙት ራሰ በራ አባ ኮዳ የተባሉት ትላልቅ ወፎች ብቻ ተንቀሳቀሱ። እኔም ጥሬውን በዳጣ እየበላሁ የፍጡሬን ጉድለት አገኘሁት፦ ሰውን ይጠላ ነበር። ይህ ልጅ ግን ዓሣን አይጠላም፤ እንዲያውም ስለ ዓሣ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅና የሚቆረቆር ላይኖር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ስምንቱን እግር ትቼ፣ ጨዋ፣ ንጹሕና ለጋስ የሆኑ እንግዶችን መጻፍ ጀመርኩ። የራሳችን «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» የሚለው ተረት ከመበላቱ ይልቅ ማመኻኘቱ እንደሚከፋ ያስተምራል፤ ስለዚህ እንግዶቼ ጥሩ ሰበብ ያስፈልጋቸው ነበር። አሜሪካዊው ዴመን ናይት እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመውና በ1962 በቴሌቪዥን በቀረበው አጭር ልብ ወለዱ፣ የጠፈር እንግዶቹ የያዙት መጽሐፍ ርእስ በእንግሊዝኛ «ሰውን ለማገልገል» ተብሎም «ሰውን በማዕድ ለማቅረብ» ተብሎም ይነበባል። በአማርኛ ሲተረጎም ይህ ይሞታል። ብዙ ቀን ካሰላሰልኩ በኋላ፣ ሰምና ወርቁ ቁርስ ላይ ባለቤቴ «ልጅሽ እኮ እንቁላል አይወድም» ስትል በስልክ ከእኅቷ ጋር ስትነጋገር ተገለጠልኝ። እንግዶቹ ከሐይቁ ዳር ሲወርዱ በጥሩ አማርኛ የሚናገሩት የመጀመሪያ ቃል «እኛ ሰው እንወዳለን» ሆነ።

ይህ መስመር ግን ለጥቂት ተበላሽቶ ነበር። ጽሑፉን በኮምፒዩተር የጻፈልኝ ወዳጄ ለሰዋስው የሚጠነቀቅ ሰው ስለሆነ፣ የረሳሁ መስሎት «ሰውን እንወዳለን» ብሎ አረመልኝ፤ እኔም ሳላየው ለንባብ አቀረብኩት። በ«ን» የተነሣ እንግዶቹ በእርግጥ ሰው አፍቃሪ ሆነው ቀሩ። መጨረሻው ላይ የሁሉም ፊት ግራ ተጋብቶ ሳይ ነው ወረቀቱን አገላብጬ ጉዱን ያገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው የሰጠሁትን ጽሑፍ ጮክ ብዬ ሳላነብ አልቀበልም።

የመበላቱን ትዕይንት በተመለከተ ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው «ጆውስ» ያጋጠመው ችግር ረድቶኛል። ለፊልሙ የተሠራው መካኒካል ሻርክ በባሕሩ ጨው ውኃ ደጋግሞ ስለተበላሸ፣ ሻርኩ በአብዛኛው አይታይም፤ በውኃው ላይ የሚጎተቱ ቢጫ በርሜሎች ይወክሉታል። እኔም በርሜል ፈለግኩ፤ ያገኘሁትም በየመንገዱ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡትን የሰው ሚዛን ነው። እንግዶቹ ለባለ ሚዛኖቹ ልጆች ደህና ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ከተማው በነጻ ይመዘናል፤ ልጆቹ ስምና ኪሎ በመዝገብ ያሰፍራሉ። አሥራ አንዱንም ተበይ አወጣኋቸው። አሁን በታሪኩ ውስጥ ማንም ሲበላ አይታይም፤ ከመዝገቡ ላይ አንዳንድ ስም ብቻ በቀይ ይሰመርበታል።

መካከሉ አሁንም ይጎተታል፤ የከተማው ሹማምንት የሚሰበሰቡበትን ክፍል ሦስት ጊዜ አሳጥሬው እንኳ አልተስተካከለም። መጨረሻውን ያስተካከሉልኝ መምህርቷ ናቸው። ምስጢሩን ሁሉ የሚያብራራውን የመጨረሻ ገጽ አንብበው ሲያበቁ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና «ይህ እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ። ታሪኩም አንዱ የሚዛን ልጅ ማታ ብቻውን ሲቀር ሚዛኑ ላይ ወጥቶ፣ ቁጥሩን በባትሪ ብርሃን አይቶ፣ መዝገቡ ላይ ሦስት ኪሎ ቀንሶ በሚጽፍበት ቦታ ቆመ።