የቡና በሽታን በአሮጌ ስሙም መፈለግ

ጅማ ላይ ግብርና የሚያጠና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ቡና ላይ ያርፋል። እኔም የያዝሁት በተለምዶ «ሲቢዲ» (በእንግሊዝኛ «ኮፊ ቤሪ ዲዚዝ») የምንለውን የቡና ፍሬ በሽታ ነው። በቤተ መጻሕፍት ዳታቤዞች ውስጥ ስለዚህ በሽታ የተጻፈውን ስፈልግ የተረዳሁትን ለተከታዮቼ ማካፈል እወዳለሁ።

ዳታቤዝ የተማሪውን ሐሳብ አያውቅም፤ የሚያመሳስለው የተጻፈለትን ቃል ብቻ ነው። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ አምጪው ፈንገስ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የሚለውን የአሁኑን ስሙን ያገኘው ግን በ1993 ነው። ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች ኮሌቶትሪከም ኮፊያነም እያሉ ይጽፉ ስለነበር፣ አዲሱን ስም ብቻ የሚያስገባ ተማሪ በሽታው ለአገራችን ገና እንግዳ በነበረበት ዘመን የተሠሩት ብዙ ጥናቶች ያመልጡታል። ስለዚህ ሁለቱን ሳይንሳዊ ስሞችና የበሽታውን የእንግሊዝኛ መጠሪያ እያንዳንዳቸውን በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ፣ ከስሞቹ አንዱን የያዘውን ጽሑፍ ሁሉ እንዲያመጣ በመካከላቸው «ኦር» (OR) የሚለውን ማያያዣ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት መጻፍ፣ ሁሉንም በቅንፍ ከያዙ በኋላም በ«ኤንድ» (AND) አማካይነት የኢትዮጵያን ስም መጨመር ይገባል። ውጤቱ ከበዛ ፍለጋውን በርእስና በአብስትራክት (በጽሑፉ አጭር መግለጫ) መወሰን ይሻላል። ያለፉትን 5 ዓመታት ብቻ የሚያሳየው ማጣሪያ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ርእስ ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ።

እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ አንድ ተማሪ የሚፈልገውን ጽሑፍ አግኝቶ የአሳታሚው ገጽ ዶላር ስለጠየቀው ብቻ ተስፋ ቆርጦ ሲዘጋው ማየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪና የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 የጀመረው አጎራ የተባሉት ፕሮግራሞች እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት ብዙ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ይከፍታሉ። የሚገባው ግን ተቋሙ በተመዘገበበት መለያና የይለፍ ቃል ስለሆነ፣ ጽሑፉን በጉግል ስኮላር ያገኘ ሰው ርእሱን ይዞ በአጎራ በኩል እንደገና ሊገባ ይገባዋል፤ የይለፍ ቃሉንም የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ መጠየቅ ነው። በአገር ውስጥ የሚታተሙ መጽሔቶችን ደግሞ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ መፈለግ ይጠቅማል።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ከተገኘ በኋላ የዋቢ ጽሑፎቹን ዝርዝር ማንበብ የግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተጻፉት የጉባኤ ሰነዶች መካከል በዳታቤዝ ጨርሶ የማይገኙ አሉና። የተጠቀሙበትን የፍለጋ ሐረግ ከነቀኑና ከዳታቤዙ ስም ጋር መመዝገብም አይዘንጋ፤ የጥናቱ ስልት ሲጻፍ አማካሪው መጠየቁ አይቀርም።